አንድ የኢንዶኔዥያ ምሳሌያዊ አነጋገርን ከነባህሉ ለመማር

የኢንዶኔዥያን ቋንቋ የሚማር ሰው ብዙም ሳይቆይ ምሳሌያዊ አነጋገሮች በረጅሙ የተዘረዘሩበት ገጽ እጁ ይገባል። በአንድ በኩል አባባሉ፣ በሌላው በኩል ፍቺው ይቀመጥና ተማሪው ሃምሳውን ወይም መቶውን ለመሸምደድ ይነሳል። በዚህ መንገድ የተያዘ አባባል ፈተና ያሳልፍ ይሆናል፤ ጨዋታ ላይ ግን አይወጣም፣ ቢወጣም ያለቦታው ይወጣል። አንዱን አባባል እስከ ሥሩ መርምሮ ከየት እንደበቀለ፣ ማን ለማን እንደሚናገረውና መቼ እንደሚያስከፋ ጭምር ማወቅ ከመቶ ሽምደዳ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ አንዱን በደንብ የተማረ ሰው ሌሎቹን የሚማርበትን መንገድም አብሮ ያገኛልና። ስለዚህ ከዚህ በታች በዋናነት የምንመረምረው አንድ አባባል ብቻ ነው፦

«ዲ ማና ቡሚ ዲፒጃክ፣ ዲ ሲቱ ላንጊት ዲጁንጁንግ።»

ቃል በቃል ሲመለስ «ምድር በሚረገጥበት ቦታ፣ እዚያው ሰማይ በራስ ላይ ይያዛል» ማለት ነው። ምክሩም ሰው በሄደበት ስፍራ የዚያን ስፍራ ልማድና ሥርዓት ያክብር የሚል ነው። ከብዙዎቹ መካከል ይህን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ኢንዶኔዥያ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶችና ከ700 በላይ ቋንቋዎች ያሉባት አገር ናት፤ ሰው ከደሴት ደሴት፣ አንዳንዴም ከሸለቆ ሸለቆ በተሻገረ ቁጥር የሌላ ሕዝብ እንግዳ ይሆናል። በእንዲህ ያለ አገር እንግዳ እንዴት ይኑር የሚለው ነገር ለሥራ፣ ለትምህርትና ለጋብቻ ከቀዬው የወጣ ሰው ሁሉ በየዕለቱ የሚገጥመው ጥያቄ ነው፤ አባባሉም ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

መጀመሪያ ጆሮና ምላስ

አባባሉን ለመተርጎም ከመቸኮልዎ በፊት ያድምጡት፤ ድምፁን ጮክ ብለው ይበሉት። የኢንዶኔዥያ ቋንቋ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሲሆን አጻጻፉ ከንባቡ ብዙም ስለማይርቅ ጀማሪም ቢሆን ቶሎ ያነበዋል። ሆኖም ሦስት ድምፆች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ላንጊት» ሲባል «ን» እና «ግ» ተለያይተው አይሰሙም፤ «ዘንግ» ስንል ከ«ግ» በፊት በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ብቻውን፣ ያለ «ግ»፣ ነው የሚፈለገው። የ«ዲጁንጁንግ» መጨረሻም እንዲሁ ነው። በ«ዲፒጃክ» መጨረሻ ያለው «ክ» ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይነገርም፤ ጉሮሮ ላይ ድንገት ይቋረጥና «ዲፒጃእ» ወደሚለው ይቀርባል። «ፒ»ም ለስላሳው «ፒ» እንጂ የሚፈነዳው «ጲ» አይደለም።

ደጋግመው ሲሉት አባባሉ ከሁለት እኩል እንደሚከፈል ይሰማዎታል። እያንዳንዱ ክፍል 8 ቀለም አለው። የመጀመሪያው «ዲ ማና» ብሎ ቦታውን ይከፍታል፣ ሁለተኛው «ዲ ሲቱ»፣ ማለትም «እዚያው»፣ ብሎ ይዘጋዋል፤ ምድር ከሰማይ፣ መርገጥም ከመሸከም ጋር ትይዩ ቆመዋል። በቃል የሚተላለፍን አነጋገር እንዳይዛባ የሚጠብቀው እንዲህ ያለው ሚዛን ነው። ስለዚህ ሲያጠኑት በሁለት ትንፋሽ ያጥኑት፤ አንደኛውን ክፍል ብለው ቆም ይበሉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይጨምሩ። በኢንዶኔዥያ ተናጋሪው ግማሹን ብሎ ዝም ሲል አድማጮቹ ቀሪውን መሙላታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ከሁለቱ በየትኛውም ወገን ለመሆን መዘጋጀት ይጠቅማል።

በጽሑፍ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልብ ይበሉ። «ዲ» የሚለው ቅንጣት በአባባሉ ውስጥ 4 ጊዜ ይመጣል፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም። በ«ዲ ማና» እና በ«ዲ ሲቱ» ቦታን ስለሚያመለክት ለብቻው ተነጥሎ ይጻፋል። በ«ዲፒጃክ» እና በ«ዲጁንጁንግ» ግን ድርጊቱ በተደራጊ መልክ መነገሩን የሚያሳይ ምዕላድ ስለሆነ ከግሱ ጋር ተጣብቆ ይጻፋል። ኢንዶኔዥያውያን ራሳቸው በማስታወቂያና በስልክ መልእክት ሁለቱን ሲያምታቱ ይታያል፤ የቋንቋ መምህራንም ሳይሰለቹ የሚያርሙት ስሕተት ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሳሳቱ መጻፍ የቻሉ ዕለት አንድ የሰዋስው ምዕራፍ አብረው ተማሩ ማለት ነው።

ተደራጊ መልኩ ለትርጉሙም ዋጋ አለው። ምድር «ይረገጣል»፣ ሰማይ «ይያዛል» ይላል እንጂ «አንተ ስትረግጥ አንተ ተሸከም» አይልም። የሚታዘዝ ሰው በስም አልተጠራም። ይህ ገለልተኝነት አባባሉን ለስላሳ ያደርገዋል፤ ከዚህ በታች እንደምናየው ግን ልስላሴው በሚናገረው ሰው ማንነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ሰማይን በራስ መያዝ

የአባባሉ ክብደት ያለው መጨረሻው ቃል ላይ ነው። የኢንዶኔዥያ ቋንቋ ሸክምን እንደ አያያዙ በልዩ ልዩ ግስ ይጠራዋል፦ በትከሻ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም በዘንግ፣ መሸከም «ፒኩል» ነው፤ በእጅ አንጠልጥሎ መያዝ «ጂንጂንግ»፣ ማዘል «ጌንዶንግ»፣ በራስ ላይ መሸከም ደግሞ «ጁንጁንግ»። «የከበደውን አብረን በትከሻ፣ የቀለለውን አብረን በእጅ» የሚለው ታዋቂ የመረዳዳት አባባል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ግሶች የተሠራ ነው። የእኛው አባባል የመረጠው ግን የራስን ሸክም ነው። እንደ ባሊና እንደ ጃቫ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ራስ ክቡር የአካል ክፍል በመሆኑ የሰውን ራስ፣ የሕፃንም ቢሆን፣ ያለ ፈቃድ መንካት እንደ ድፍረት ሊታይ ይችላል። በራስ ላይ የተቀመጠ ነገር እንግዲህ ከሸካሚው በላይ ነው። ከዚህ የተነሳ «መንጁንጁንግ» የሚለው ግስ ዛሬ በጽሑፍና በንግግር በብዛት የሚያገለግለው ማክበርን፣ ከፍ አድርጎ መያዝን ለመግለጽ ነው።

ይህ ግስ በኢንዶኔዥያ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ቦታ አለው። በ1928 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን፣ አገሩ ገና በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለ፣ ከየደሴቱ የመጡ ወጣቶች በያኔዋ ባታቪያ፣ በኋላ ጃካርታ በተባለችው ከተማ ባካሄዱት ጉባኤ ሦስት ነጥብ ያለው ቃል ኪዳን አወጡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች አንድ የትውልድ ምድርና አንድ ሕዝብ እንዳላቸው «እንቀበላለን» አሉ። በሦስተኛው፣ ስለ ቋንቋ ሲናገሩ፣ ግሱን ቀየሩ፤ የአንድነት ቋንቋ የሆነውን የኢንዶኔዥያን ቋንቋ «እንጁንጁንጋለን»፣ ማለትም በራሳችን ላይ እናከብረዋለን አሉ። አንድ ቋንቋ ብቻ አለን አላሉም። ጃቫኛውም፣ ሱንዳኛውም፣ ባታክኛውም በየቤቱ እንዳለ ቀረ፤ ከሁሉም በላይ ግን የጋራው ተቀመጠ። አባባላችን ውስጥ ያለውን ሰማይ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሰማይ የሚባለው በዚያ ስፍራ ያሉትን ሁሉ የሚሸፍነው ሥርዓት፣ ኢንዶኔዥያውያን «አዳት» የሚሉት ነው፤ እንግዳው የራሱን ሳይጥል ይህን ከራሱ በላይ ያደርጋል።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ «እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» የሚለው ትዝ ይለዋል። ቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ለማስታወሻነት ይያዙት፤ ነገር ግን እኩያው ነው ብለው አይዝጉት። የአማርኛው ብልሃትን ያስቀድማል፤ የወንዙን መሻገሪያ ያላወቀ ይወሰዳልና። የኢንዶኔዥያው የሚናገረው ስለ ውለታ ነው፦ ምድሩ እግርዎን ከተቀበለ ለሰማዩ ዕዳ አለብዎ። ይህን ልዩነት የያዘ ተማሪ አባባሉን «ተጠንቀቅ» ለማለት አያውለውም።

አባባሉ የበቀለበት ኑሮ

ዛሬ አባባሉ የመላው ኢንዶኔዥያ ነው፤ በማሌዥያም በሰፊው ይነገራል። ትርጉሙ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ግን መነሻው የሱማትራ ደሴት ምዕራባዊ ደጋ በሆነው በሚናንግካባው ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ነው። አባባሉም በራሳቸው ቋንቋ፣ «ላንጊት»ን «ላንጊክ»፣ «ዲጁንጁንግ»ን «ዲጁንጁዋንግ» እያሉ፣ የአዳት ንግግራቸው አካል አድርገው ይዘውታል። ስለዚህ ከቃላቱ ጥናት ቀጥሎ የሚመጣው እርምጃ ይህን ሕዝብ ማወቅ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ቢወስዱ አይቆጭዎትም።

ሚናንግካባው የዘር ሐረጋቸውን በእናት በኩል ይቆጥራሉ። የአያት የቅድመ አያት መሬትና ጣሪያው እንደ ጎሽ ቀንድ ወደ ላይ የቀሰረው ትልቁ ቤት፣ «ሩማህ ጋዳንግ»፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። በቀድሞው ልማድ ወንድ ልጅ ከፍ ሲል በእናቱ ቤት የማደሪያ ክፍል አይኖረውም፤ ከእኩዮቹ ጋር «ሱራው» በተባለው የጸሎትና የትምህርት ቤት ያድራል፣ ቁርኣን ይቀራል፣ «ሲላት» የተባለውን የትግል ጥበብ ይማራል፣ የሽማግሌዎችን አነጋገርም እዚያው ይሰማል። ጎልማሳ ሲሆን ከአገር ይወጣል። ይህ መውጣት «መራንታው» ይባላል፤ ዕውቀት፣ ገንዘብና ልምድ ፍለጋ ከደጋው እምብርት ወጥቶ በሰው አገር መኖር ማለት ነው። አንድ የታወቀ ግጥማቸው በላይኛው ወንዝ ያለው የማዳንግ ዛፍ ገና አላፈራም፣ ገና አላበበም ካለ በኋላ ለወጣቱ «አስቀድመህ ውጣ፤ ለቤትህ ገና አልጠቀምክም» ይለዋል። በ1902 በቡኪቲንጊ የተወለደውና በኋላ የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው ሞሐመድ ሐታ፣ በ1909 በፓዳንግ ፓንጃንግ የተወለደውና የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሱታን ሻህሪር ሁለቱም የዚህ ሕዝብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ተምረው የጎለመሱት ከደጋቸው ርቀው ነው። በየኢንዶኔዥያ ከተማው የሚታዩት፣ በምዕራብ ሱማትራዋ ከተማ በፓዳንግ ስም የሚጠሩት ምግብ ቤቶችም የእነዚሁ ተጓዦች ሥራ ናቸው።

ለወጪው ወጣት የሚሰጠው ምክር ዝርዝር ነው። በሌላ ግጥማቸው «ልጄ፣ ስትወጣ እናት ፈልግ፣ ወንድም ፈልግ፣ ከሁሉ አስቀድመህ ግን አሳዳሪ ፈልግ» ይላሉ። አሳዳሪ ያልኩት «ኢንዱክ ሰማንግ» የሚባለውን ነው፤ ይህም እንግዳውን ተቀብሎ ሥራ ወይም ማደሪያ የሚሰጠውና ስለ እርሱ የሚናገርለት የአገሩ ሰው ነው። ወደ ሚናንግካባው መንደር የሚገባ የውጭ ሰውም በተራው ከነባር ነገድ በአንዱ ሥር እንዲጠጋ ይጠበቃል። «ሲያርፉ መጨበጥ፣ ሲበሩ መንደርደሪያ መያዝ» የሚለው አነጋገር ይህን ሥርዓት ይገልጻል፤ የወፍ አስተራረፍ ነው፣ ቅርንጫፉን ሳይጨብጥ የሚያርፍ ይወድቃልና።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ የአባባሉን ጥልቀት ያሳየኝ ይህ ነው። የሚናንግካባው ወንድ ባህር ሳይሻገር፣ ከመንደሩም ሳይወጣ እንግዳ ይሆናል። ሲያገባ ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል፤ እዚያም መሬቱ የእርሱ አይደለም፣ የቤቱ ውሳኔም በሚስቱ ወንድሞችና አጎቶች እጅ ነው። አማቾቹ ዘንድ ያለውን ቦታ «በጉቶ ላይ እንዳለ አመድ» ይሉታል፤ ነፋስ ከመጣ የለም። ስለዚህ በሰው ምድር ላይ ቆሞ የሰውን ሰማይ ማክበር በሩቅ ጉዞ የሚጀመር ሳይሆን በትዳር ደጃፍ የሚለማመዱት ነው። ይህን ያወቀ ሰው አባባሉ ለምን ስለ መንገድና ስለ ባሕር ሳይሆን ስለ እግርና ስለ ራስ እንደሚናገር ይገባዋል።

አባባሉን በተግባር ማየት

የአባባል ትርጉም በመዝገበ ቃላት አይጨረስም፤ ሰዎች ሲኖሩት ማየት ያስፈልጋል። ኢንዶኔዥያ መሄድ ባይቻልም እንኳ በጥንቃቄ ሊያነቧቸውና ሊያጠኗቸው የሚገቡ ምሳሌዎች አሉ።

በማዕከላዊ ጃቫ የምትገኘው የኩዱስ ከተማ አንዷ ናት። እስልምናን በጃቫ ካስፋፉት ዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት ሱናን ኩዱስ ወደዚያ ሲመጡ የአካባቢው ሕዝብ ላምን የሚያከብር ሂንዱ ነበር። በትውፊቱ እንደሚነገረው ተከታዮቻቸው የሂንዱዎቹን ስሜት ላለመጉዳት ላም እንዳያርዱ ጠየቁ። ዘመናት ካለፉና ሕዝቡም በአብዛኛው ሙስሊም ከሆነ በኋላ እንኳ በኩዱስ ልማዱ ዘልቆ ከላም ይልቅ ጎሽ ይታረዳል፤ የከተማዋ ታዋቂ ሾርባም በጎሽ ሥጋ ይሠራል። በ1549 የተመሠረተው የከተማዋ መስጊድ ሚናራም ከቀይ ሸክላ ጡብ የተሠራና የጥንት የሂንዱ ቤተ መቅደስ ማማ የሚመስል ነው። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው የነባሩን ሰማይ እንዴት እንዳከበረ በድንጋይና በማዕድ ላይ ተጽፎ ማንበብ ማለት ይህ ነው።

ባሊ ሌላዋ ናት። በሳካ አቆጣጠር አዲስ ዓመት በሚከበረው በ«ኞፒ» ዕለት፣ ከጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት እሳትና መብራት አይበራም፣ ሥራ አይሠራም፣ ጉዞ አይደረግም፣ መዝናኛ የለም። ኑራህ ራይ አውሮፕላን ማረፊያ ለ24 ሰዓት ይዘጋል፤ ከ2018 ጀምሮ በዚያ ዕለት የሞባይል ኢንተርኔትም ይቋረጣል። በደሴቲቱ የሚኖሩ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖችና ጎብኚዎች ሂንዱ ባይሆኑም በየቤታቸውና በየሆቴላቸው ይቀመጣሉ፤ «ፐቻላንግ» የተባሉ የመንደር ጠባቂዎች ጎዳናውን ይጠብቃሉ። የሚጠየቁት እምነታቸውን መለወጥ አይደለም፣ ለአንድ ቀን ዝም ማለት ነው። ኢንዶኔዥያዊ ወዳጅ ካለዎ ስለዚህ ቀን ይጠይቁት፤ አባባሉን ራሱ ሳይጠቅስ ጨዋታውን የሚጨርስ አይመስለኝም።

ከእነዚህ ታላላቅ ምሳሌዎች ባሻገር የዕለት ተዕለቱ አለ። በብዙ ሰፈር መግቢያ ላይ ከ24 ሰዓት በላይ የሚቆይ እንግዳ ለሰፈሩ ጎረቤታሞች ማኅበር ኃላፊ እንዲያስታውቅ የሚጠይቅ ሰሌዳ ተሰቅሎ ይታያል። ቤት ሲገቡ ጫማ ማውለቅ፣ በቀኝ እጅ መስጠትና መቀበል፣ በተቀመጡ ሰዎች ፊት ሲያልፉ ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጅን ዝቅ እያደረጉ «ፐርሚሲ» ማለት፣ በጃቫ ደግሞ በአመልካች ጣት ፋንታ በአውራ ጣት መጠቆም፣ እነዚህ ሁሉ እንግዳው ሰማዩን እንደያዘ የሚታይባቸው ትንንሽ ምልክቶች ናቸው። የአጠራር ነገርም አለ፦ በጃቫ ወጣቱን «ማስ»፣ ወጣቷን «ምባክ» የሚል እንግዳ በምዕራብ ሱማትራ «ኡዳ» እና «ኡኒ» ማለት እንዳለበት ከተረዳ አባባሉን በአፉ ሳይጠራው እየፈጸመው ነው።

ማን ለማን ይለዋል

ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምመክረው እርምጃ ይህ ነው። ይህ አባባል በሦስት አፍ ሲነገር ሦስት ነገር ይሆናል።

እንግዳው ስለ ራሱ ሲናገረው ትሕትና ነው። ከሰሜን ሱማትራዋ ከተማ ከሜዳን ወደ ጃቫዋ ዮግያካርታ ለትምህርት የሄደ ወጣት፣ ያደገበት አነጋገር ቀጥተኛና ድምፁ ከፍ ያለ ቢሆንም የጃቫን ለዘብ ያለ አነጋገር ለመልመድ ሲጥር «ዲ ማና ቡሚ ዲፒጃክ» ቢል የሚያመሰግነው ብዙ ነው። ወላጅ ለሚወጣ ልጁ ሲናገረው ምርቃትም ምክርም ነው፤ ተማሪዎች ለማኅበረሰብ አገልግሎት ወደ ገጠር ሲላኩም ከሚሰጣቸው ምክር መካከል ነው። የአገሩ ሰው ለመጤው ሲናገረው ግን ትእዛዝ ይሆናል፤ እንደ ሁኔታውም ማስጠንቀቂያ።

ይህ ሦስተኛው ከባድ ታሪክ አለው። ከ1905 ጀምሮ የሆላንድ ቅኝ አስተዳደር፣ ከነፃነት በኋላም የኢንዶኔዥያ መንግሥት ሕዝብ ከተጨናነቀባት ጃቫና ከአካባቢዋ ደሴቶች ሰዎችን እያነሳ በሱማትራ፣ በካሊማንታን፣ በሱላዌሲና በፓፑዋ አስፍሯል። በራሳቸው ፈቃድ የሄዱም እጅግ ብዙ ናቸው። በ2001 በማዕከላዊ ካሊማንታን በሳምፒት በጀመረው ግጭት በዳያክ ነባሮችና ከማዱራ ደሴት በመጡ ሰፋሪዎች መካከል ደም ፈሰሰ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማዱራውያንም ተፈናቀሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ፣ ሌላ ምድር የማያውቁ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቁስል ባለበት ስፍራ ነባሩ ለመጤው አባባሉን ሲያነሳ ከኋላው መሬት፣ ሥራና ሥልጣን አብረው ይነሳሉ። ያን ጊዜ «ሰማዩ የማን ነው? እንግዳ ሰው ስንት ትውልድ ሲቆይ ባለአገር ይባላል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አባባሉም ለዚህ መልስ የለውም።

ስለዚህ ለውጭ አገር ተማሪ መመሪያው ግልጽ ነው። ስለ ራስዎ ይናገሩት። አንድ ኢንዶኔዥያዊ የሌላውን ክፍለ አገር ልማድ ጥሷል ብለው በአባባሉ አይገሥጹት፤ እርስዎ እንግዳ ሆነው ሳለ የባለቤትን ቃል በአፍዎ ማስገባት ይሆናል።

ጎረቤት አባባሎች

አንዱን ካወቁ በኋላ በዙሪያው ያሉትን መያዝ ይቀላል። «ሜዳው ሲለይ አንበጣው ይለያል፣ ኩሬው ሲለይ ዓሣው ይለያል» የሚለው ስፍራ ሁሉ የራሱ ልማድ እንዳለው ይናገራል፤ ምክር አይሰጥም፣ ያስተውላል እንጂ። «ፍየል በረት ስትገባ እንደ ፍየል ጩህ፣ ጎሽ በረት ስትገባ እንደ ጎሽ ጩህ» የሚለው ከእኛው ጋር አንድ ምክር ይመክራል፤ ቃናው ግን ቀለል ያለ ስለሆነ በወዳጆች ጨዋታ እንጂ በመንደር ሽማግሌ ፊት አይመችም።

ሚዛኑን የሚጠብቁ ሌሎች ሁለት አሉ። «በሰው አገር ወርቅ ቢዘንብ፣ በራስ አገር ድንጋይ ቢዘንብ፣ የራስ አገር ይሻላል» እና «ሽመላ የቱንም ያህል ከፍ ብትበር መመለሻዋ ረግረጉ ነው» ይላሉ። ሁለቱን ከዋናው አባባል ጎን አድርገው ቢያነቧቸው የሰው ሰማይ ማክበር የራስን መርሳት እንዳልሆነ ይታይዎታል፤ መራንታው የወጣው ሚናንግካባው ለበዓል ወደ ደጋው የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

መናገርና መለማመድ

በንግግር ውስጥ አባባልን ድንገት መጣል አይለመድም፤ መንገድ ይጠረግለታል። ከሁሉ የተለመደው «ካታ ፐፓታህ»፣ ማለትም «አባባሉ እንደሚለው»፣ ነው። በአዲስ ሰፈር ከቤተሰብዎ ጋር ገብተው የሰፈሩን ኃላፊ ሊተዋወቁ ሄደዋል እንበል፤ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦

«ካሚ ፐንዳታንግ ዲ ሲኒ፣ ፓክ። ካታ ፐፓታህ፣ ዲ ማና ቡሚ ዲፒጃክ፣ ዲ ሲቱ ላንጊት ዲጁንጁንግ። ሞሆን ቢምቢንጋንኛ።»

«እኛ እዚህ መጤዎች ነን፣ አባቴ። አባባሉ እንደሚለው ምድር በሚረገጥበት እዚያው ሰማይ ይከበራል። ምክርዎን እንለምናለን» ማለት ነው። እዚህ ላይ «ካሚ» የሚለው «እኛ» አድማጩን የማይጨምር ነው፤ አድማጩን የሚጨምረው «ኪታ» ነው። በስሕተት «ኪታ» ቢሉ ኃላፊውንም መጤ ማድረግዎ ነውና ልብ ይበሉ። ብቻዎን ከሆኑ «ሳያ» ይበሉ። «ፓክ» ለጎልማሳ ወንድ፣ «ቡ» ለጎልማሳ ሴት የሚባል የአክብሮት መጥሪያ ሲሆን ሳይቀር መባል አለበት።

ሲለማመዱ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ሁኔታ ይምረጡ፤ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ የሰው ሠርግ፣ የማያውቁት የጸሎት ስፍራ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ይጻፉና አባባሉን ያስገቡበት፤ ከዚያ የቋንቋው ባለቤት ያንብበውና በሰዋስው ብቻ ሳይሆን «ይህን አንተ ብትሆን በዚህ ቦታ ትለዋለህ?» ብለው ይጠይቁት። አይ ካለ ምክንያቱን ይመዝግቡ። በእኔ ግምት ከዚህ ዓይነቱ «አይ» የሚገኘው ትምህርት ከመጽሐፍ አይገኝም።

ቀጣዩን አባባል በራስዎ ሲፈልጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1988 የታተመውን ትልቁን የኢንዶኔዥያ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይጠቀሙ፤ የመንግሥት የቋንቋ ተቋም በኢንተርኔት በነፃ አቅርቦታል። በውስጡ ግስ የሚገኘው በሥሩ ነው፤ «ዲጁንጁንግ»ን ለማግኘት ምዕላዱን አውልቀው «ጁንጁንግ» ብለው ይፈልጉ። ምሳሌያዊ አነጋገሮች ከቃሉ ፍቺ ቀጥሎ የ«ፐሪባሃሳ» አጠር ያለ ምልክት ተደርጎባቸው ይቀመጣሉ። ፍቺው ብዙውን ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ለማን እንደሚለው፣ በየትኛው ኑሮ ውስጥ እንደበቀለና የት ላይ እንደሚሻክር እየጠየቁ መሙላት የእርስዎ ሥራ ነው። ለመጀመር «ሩዝ ፍሬው በሞላ ቁጥር ይጎነበሳል» የሚለውን እመክራለሁ፤ ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ በየማሳው የሚታይ ነገር ነው፣ በተማረ ሰው ፊት ሲነገርና የተማረው ሰው ራሱ ሲናገረው ያለውን ልዩነትም ወዲያው ያገኙታል።